ፌር ስለምትባለው ቃል

በእንግሊዝ ቋንቋ በአራት ፊደል፥ በእኛ ግን በሁለት ፊደል ብቻ ተጽፋ የምታልቅ «ፌር» የምትባል ቃል አለች። ዛሬ በከተማ ያደገ ወጣት ይህችን ቃል ሳያነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። በኳስ ሜዳ ዳኛው ያዳላበት ሲመስለው «ፌር አይደለም» ይላል፤ መምህሩ ማርክ ቢቀንስበት «ፌር አይደለም» ይላል፤ እናቱ ከፍ ያለውን ቍራሽ ለታናሽ ወንድሙ ብትሰጥ ያው «ፌር አይደለም» ነው። ከሌላ ሕዝብ ቃል መዋስ ነውር አይደለም። እኛም ከግሪክ፥ ከዓረብ፥ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ብዙ ቃል ተውሰናል፤ እንግሊዞች ራሳቸውም በዚህ ረገድ ከታወቁት ተበዳሪዎች ወገን ናቸው። ዳሩ ግን ዕቃ የሚዋስ ሰው ዕቃው ከማን ቤት እንደ ወጣ፥ ከዚያ በፊትም ምን ሲደረግበት እንደ ኖረ ጠይቆ ይወስዳል። ይህች ቃል ደግሞ ሊጠየቅላት የሚገባ ናት፤ ምክንያቱም በአንድ ራሷ ላይ ቁንጅናን፥ የቆዳ ቅላትን፥ ያላዳላ ፍርድን፥ መካከለኛ ውጤትን፥ የጠራ ሰማይንና የገበያ በዓልን ተሸክማ የምትሄድ ስለ ሆነች ነው። መዝገበ ቃላቱን የገለጠ ተማሪ እነዚህን ትርጕሞች በተራ ቍጥር ተደርድረው ያገኛቸዋል። ተራ ቍጥሩ ግን አንዱ ትርጕም ሌላውን እንዴት እንደ ወለደ፥ አንዱም ከሌላው ጋር ሲቀመጥ ምን ጉዳት እንዳመጣ አይነግረውም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ። ፌር በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አይደለችም፤ ሁለት ባዕዳን በአንድ ልብስ የሚሄዱ ናቸው። አንደኛዋ የቁንጅናና የፍርድ ቃል ስትሆን ከጥንቱ የሰሜን ሕዝቦች ቋንቋ የመጣች ናት። ሁለተኛዋ የገበያ ቃል ስትሆን የመጣችው ከላቲን ነው። በላቲን «ፌሪያ» ማለት የበዓል ቀን፥ ሥራ የሚቆምበት ቀን ማለት ነበር። የቅዱሱ በዓል በሚከበርበት ቀን ሕዝብ ከየመንደሩ ይሰበሰባል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበትም ነጋዴ አይታጣም። ጸሎቱ ሲያልቅ ጨርቁና ከብቱ፥ ማሩና ቢላዋው ይሸጣል። ቀስ በቀስ የበዓሉ ስም ለገበያው ተረፈና ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝ ገባ። በለንደን ከተማ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም የሚደረገው ገበያ በ1133 በንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ፈቃድ ተጀምሮ ለጨርቅ ነጋዴዎች ትልቅ መገናኛ ሆነ፤ በኋላ ግን የጨዋታና የስካር ቦታ እየሆነ ስለ ሄደ በ1855 ተዘጋ። ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ገበያ ሲጀመር የገዳም ረዳት፥ ሲያልቅ ደግሞ የከተማ ነውር ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ገበያዎች አንዱ ለሥነ ምግባር ጸሐፊ የሚመች ታሪክ ትቶ ሄዷል። በሰባተኛው መቶ ዓመት ኢሊ በምትባል ስፍራ ገዳም ያቋቋመች፥ ሕዝቡ በአጭሩ ኦድሪ እያለ የሚጠራት አንዲት ቅድስት ነበረች። ቤዳ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው ይህች ሴት አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ስትሞት፥ በልጅነቴ ሐብል በከንቱ ስላሰርሁበት ነው ብላ ሕመሙን በጸጋ ተቀበለችው። ከብዙ ዘመን በኋላ በበዓሏ ቀን በሚቆመው ገበያ ነጋዴዎች ምን ይሸጡ ነበር ቢሉ የአንገት ጥብጣብ! ጥብጣቡም በስሟ ይጠራ ነበር። ዋጋው እየረከሰ፥ መብለጭለጩም እየበዛ ሲሄድ «ቶድሪ» የሚል ቃል ከቅድስቲቱ ስም ወጣ፤ ትርጕሙም የሚያብለጨልጭ ርካሽ ነገር ማለት ነው። ዮሐንስ ቡንያን በ1678 ባወጣው የመንፈሳዊ ተጓዥ መጽሐፉ ሰው ሁሉ ክብርንና ተድላን የሚሸጥበትን የከንቱነት ገበያ ሲሥል በዚህች ቃል የተጠቀመው እንዲህ ያሉትን ገበያዎች በዓይኑ እያየ ነው። ታኬሬይም በ1847 እና በ1848 በክፍል በክፍል እየታተመ ለወጣው ትልቅ ልብ ወለዱ ስሙን ከቡንያን ገበያ ወሰደ።

ፌሪያ የምትባለው የላቲን ቃል በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሳምንቱን ቀናት ለመቍጠርም አገልግላለች። ፖርቱጋሎች እስከ ዛሬ ሰኞን «ሁለተኛ ፌይራ»፥ ማክሰኞን «ሦስተኛ ፌይራ» እያሉ ይጠራሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ሰኞ ከግእዙ ሰኑይ፥ ረቡዕም ከአራተኛነቱ፥ ሐሙስም ከአምስተኛነቱ ስሙን ያገኘ ነው። ከሌሎቹ አውሮጳውያን ብዙዎቹ ቀናቸውን በጣዖታትና በከዋክብት ስም ሲጠሩ ፖርቱጋልና ኢትዮጵያ በቍጥር መስማማታቸው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በድምፅ የምትመስላት ሌላም ቃል አለች፤ እርሷ የመንገደኛን ኑሮና የመሳፈሪያን ዋጋ ትናገራለች። የጽሕፈቷ ፊደል የተለየ ስለ ሆነ ግን እንተዋት። የገበያዋንም ቃል እዚህ ላይ እናቆማት፤ ክርክራችን ከመጀመሪያዪቱ ጋር ነው።

መጀመሪያዪቱ ፌር በጥንቱ እንግሊዝኛ ያማረ፥ ለዓይን የሚወደድ ማለት ነበረች። እኅቶቿ በሰሜን አውሮጳ ይገኛሉ፤ የአይስላንድ ሰዎች እስከ ዛሬ «ፋጉር» ሲሉ ውብ ማለታቸው ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው በአራተኛው መቶ ዓመት በተተረጐመው የጎት ሕዝብ ወንጌል ውስጥ የምትገኘው ታላቅ እኅቷ ናት። በዚያ ጣዕሙን ያጣው ጨው ለምንም እንደማይበጅ በሚነገርበት ስፍራ ተርጓሚው «የሚበጅ፥ የሚስማማ» ለማለት ይህችን ቃል አግብቷታል። እንግዲህ ከሥሯ ስትመረመር መስማማትን፥ በቦታው ልክ መሆንን ያዘለች ቃል ናት እንጂ ስለ ቆዳ ቀለም የምትናገረው አንዳች ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ እንዴት እንደ ሰፋ መረዳት አያስቸግርም። ደመና የሌለበት ሰማይ ያማረ ነውና ፌር ተባለ። መርከብን ወደ ፊት የሚገፋ ነፋስ ፌር ተባለ። ስርዝና ድልዝ የሌለበት፥ ከረቂቁ ተገልብጦ በንጹሕ ወረቀት የተጻፈ ጽሕፈት ፌር ኮፒ ተባለ፤ ይህን ጸሐፊዎች ሁሉ ያውቁታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሄደው ሐሳብ አንድ ነው፤ እድፍ የለበትም፥ ነቍጥ የለበትም ማለት ነው። እድፍ የሌለበት ጨርቅ ካለ እድፍ የሌለበት ሥራም አለና ቃሉ ከዓይን ወደ ምግባር ተሻገረ። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ላይ ያላዳላ፥ ያላጭበረበረ፥ ደንብ የጠበቀ የሚል ትርጕም አግኝታ እናያታለን። ተቃራኒዋም «ፋውል» ናት፤ ይህችንም ልጆቻችን በኳስ ሜዳ ሲጮኹባት እንሰማለን። ፋውል በጥንቱ ቋንቋ የበሰበሰ፥ የሚገማ ማለት ነው። አንዱ ተጫዋች ሌላውን በጠለፈ ጊዜ ተመልካቹ «ፋውል!» ሲል፥ ሳያውቀው ሥራህ ይገማል ማለቱ ነው።

ነገር ግን ያማረ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ይህን እንግሊዞቹ ራሳቸው ቀድመው ያወቁት ነውና በዚያው ቃል የሽንገላን ንግግር ፌር ይሉት ነበር። ሼክስፒር በ1606 ገደማ በጻፈው በማክቤት መጀመሪያ ላይ ጠንቋዮቹ ፌርንና ፋውልን አንድ አድርገው ሲያደባልቁ ቀልድ መስሎ ይታያል። ቴያትሩ ግን እስከ መጨረሻው የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እንግዳ ተቀባይ መስላ የምትታይ ሴት ንጉሥን ታስገድላለች፤ አየሩ የሚጣፍጥ፥ ወፍ ጎጆ የሠራችበት ግንብ መታረጃ ይሆናል። ይህን ቴያትር ከነጓደኞቹ ከሐምሌትና ከኦቴሎ ጋር ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው በዚህች ቃል ላይ ሲደርስ ብዕሩን ማቆሙ አይቀርም፤ አማርኛ ውበትንና ቅንነትን በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ይህን የሚያህል አጭር ቃል የለውምና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። ያማረ ማለት የነበረችው ቃል በእንግሊዝ አገር ቀላ ያለ ቆዳና ወርቃማ ጠጕር ማለትም ሆነች። በ16ኛው መቶ ዓመት ይህ ትርጕም ጸንቶ ይታያል። እንግሊዛዊ መልከ መልካም ሴትን ሲያስብ የጎረቤቱን ሴት ያስብ ነበርና አሳቡ በራሱ አገር መልክ ላይ መወሰኑ አያስገርምም፤ እያንዳንዱ ሕዝብ ውበትን በራሱ መስታወት ያያል። ጥፋቱ የተጀመረው ቃሉ ሦስቱን ትርጕሞች፥ ማለት ውበትን፥ ቅላትንና ቅንነትን፥ በአንድ አፍ ይናገር ዘንድ በተተወ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ነጭ ያልሆነ ሰው በዚህች ቃል ፊት ሦስት ጊዜ ይሸነፋል፤ ቀይ አይደለም፥ ስለዚህ ውብ አይደለም፥ ስለዚህ ሥራውም ይጠረጠራል። ማንም ይህን ሕግ አድርጎ አላወጀውም፤ የቋንቋ በደል የሚከፋውም ሳይታወጅ ስለሚሠራ ነው።

ሼክስፒር ይህን ማየቱ ነው ትልቅነቱ። በ1609 ከታተሙት ግጥሞቹ 127ኛው ጥቁር መልክ ድሮ በውበት ስም የማይጠራ መሆኑን አንሥቶ ሥርዐቱን ይገለብጠዋል፤ የሚወዳት ሴት ጥቍረት ያላት ናትና። በኦቴሎም ውስጥ የቬኔስያው መስፍን ልጁ ለጥቁሩ የጦር አለቃ በመዳሯ የተቈጣውን ሽማግሌ ሲያጽናና፥ አማቹን በዚህችው ቃል ያመሰግነዋል፤ ጥቁር የሚለውንም ቃል በአንጻሯ ያቆማል። መስፍኑ ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል። አንባቢ ግን ቆም ብሎ ቢመረምረው የዚህ ምስጋና መርዙ ይታየዋል፤ ሰውዬው የተመሰገነው ጥቁር ሆኖ ሳይሆን ከጥቁርነቱ ተለይቶ ነው። ምግባሩን ለማመስገን መልኩን መካድ አስፈለገ። እኔ ሼክስፒር ይህን ንግግር በመስፍኑ አፍ ያኖረው እያወቀ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ በዚያ ቴያትር ውስጥ ሐቀኛ እየተባለ የሚጠራው ያጎ ሸፍጠኛ ነውና፥ ደራሲው የምስጋና ቃል ምን ያህል እንደሚያታልል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተምራል።

በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን መጀመሪያ ላይ ሴቲቱ ጥቁር መሆኗንና ውብ መሆኗን አያይዛ ትናገራለች። ሁለቱን የምታያይዘው ትንሽ ቃል በዕብራይስጥ «እና»ም «ግን»ም ልትሆን የምትችል ናት። የግሪኩ ትርጕም «እና» ብሎ አለፈ፤ የሄሮኒሞስ ላቲን «ግን» አለ፤ በ1611 የታተመው የእንግሊዝ ንጉሥ ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱስም «ግን»ን ተከተለ። ከ1989 ወዲህ በእንግሊዝኛ ከሚነበቡት ትርጕሞች አንዱ ወደ «እና» ተመልሷል። አንዲት መስተጻምር ይህን ያህል ዘመን ተጉዛለች! የሚገርመው ግን በዚያው በ1611 መጽሐፍ፥ በዚያው ምዕራፍ፥ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይህችው ጥቁር ሴት ከሴቶች ሁሉ ይልቅ ፌር ተብላ መጠራቷ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቃሉ ለቆዳ ገና ፈጽሞ አልተሸጠም ነበር፤ ጥንታዊ ትርጕሙ፥ ማለት ውበት ብቻ የሚለው፥ በሕይወት ነበረ። ጥቁር ሴት ፌር ናት ማለት ለተርጓሚዎቹ ስሕተት አልመሰላቸውም።

ከ360 ዓመት በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በ1975 በህንድ አገር ቆዳን ያቀላል የሚባል ቅባት ለገበያ ወጣ፤ ስሙም ከዚህችው ቃልና ከተወዳጅነት ተጋጥሞ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ተባለ። ቅባቱ በእስያና በአፍሪካ ተሸጠ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ጠይም ልጃገረድ ሥራ ሳታገኝ ወይም ባል ሳታገኝ ቈይታ ቅባቱን ስትቀባ ዕድሏ ሲቃና ይታይ ነበር። ብዙ ነቀፋ ከደረሰበት በኋላ በ2020 ባለቤቶቹ ፌር የምትለውን ቃል ከስሙ አውጥተው በምትኳ ማንጸባረቅን የሚያመለክት ቃል አገቡ። ቃሉ ተነሣ እንጂ ቅባቱ ከመደርደሪያው አልወረደም። ከዚህ በላይ ስለ ቅባቱ የምለው የለኝም፤ የስም ለውጡ ግን ቃሉ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ሻጮቹ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት ነው።

ይህን እየጻፍሁ አንባቢዬ እንግሊዝን ብቻ የወቀስሁ እንዳይመስለው እፈልጋለሁ። የእኛም አፍ ይመርመር። እኛ ሰውን ቀይ፥ ጠይም፥ ጥቁር እያልን እንለያለን፤ ይህ ራሱ ክፋት የለበትም፤ ቍመቱን ረዥም አጭር እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ስለ ልጃገረድ ሲወራ «ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት» ስንል የሄሮኒሞስን «ግን» በጓዳችን እንደግማለን። ስለ ቀይ ልጅ «ቀይ ብትሆንም ቆንጆ ናት» ሲባል የሰማ ማን ነው? ልዩነቱ ያለው «ም» በምትለው አንዲት ፊደል ላይ ነው። ሕፃኗ ልጅ ይህችን ፊደል ሰምታ ታድጋለች፤ ወደ መስታወትም ይዛት ትሄዳለች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኛ ጥሩ ሰው ለማለት «መልካም ሰው» እንላለን። መልካም ማለት ሀብት ያለው ሀብታም፥ ጕልበት ያለው ጕልበታም እንደሚባል መልክ ያለው ማለት ነው። ያማረ ፊት የነበረው ቃል ያማረ ጠባይ ሆነ። ስለዚህ «መልካም ጠባይ» ስንል በሥሩ መልክ ያለው ጠባይ እያልን ነው፤ ፊቱ ያማረ ሰው ሲገጥመንም ቃሉ አልበቃን ብሎ «መልከ መልካም» ብለን መልክን ሁለት ጊዜ እንጠራለን። «ጥሩ»ም የጠራ፥ ድፍርስ የሌለበት ማለት ነው፤ ይኸውም ከእንግሊዞቹ የጠራ ሰማይ ጋር ጎረቤት ነው። የግእዙም ሠናይ ውበትንና በጎነትን አንድ ላይ ይዟል፤ የግሪኩ ካሎስም እንዲሁ። የሰው ልጅ ደግነትን በዓይኑ ለማየት የሚመኝ ፍጡር ነውና በየቋንቋው ይህን ድልድይ ሠርቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ድልድዩን አንድ ቦታ ላይ ቈርጦታል፤ ይህም በፍርድ ወንበር ፊት ነው። ፍትሕ የሚለው ቃል ከመፍታት የመጣ ነው፤ የታሰረውን መፍታት፥ የተቋጠረውን ነገር መዘርጋት ነው። ርትዕ ቀጥ ማለት ነው። ቅን የቀና ማለት ነው። ሚዛን ያው የነጋዴው ሚዛን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ፊት የሚናገር አንድም የለም። ይልቁንም ፊት በፍርድ ቋንቋችን ውስጥ ሲገባ በወንጀለኛነት ይገባል፤ ያዳላ ዳኛ «ፊት አይቶ ፈረደ» ይባላል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። እንግሊዝኛ ያላዳላውን ፍርድ ባማረ ነገር ስም ጠራው፤ አማርኛ ፊት ማየትን ራሱን የማድላት ስም አደረገው። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለዳኛ የእኛን እመርጣለሁ። እንግሊዞቹ ግን ከዚያ ቃል አንድ እኛ የሌለንን ነገር አውጥተዋልና እርሱን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ያወጡትም ነገር የጨዋታ ሕግ ነው። ፍትሕ ስንል ዳኛ፥ ችሎት፥ መንግሥት ትዝ ይለናል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። ፌር ግን እኩዮች ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት የተስማሙበትን ደንብ፥ ዳኛ በሌለበትም ሁሉም የሚጠብቀውን ነው የምትለው። ልጆች ብይ ሲጫወቱ ያለ ችሎት የሚፈርዱባት ቃል ናት። ጀርመኖች ለዚህ ነገር የራሳቸው ቃል አልበቃ ብሏቸው ፌርን እንዳለች ወስደዋታል፤ ፈረንሳዮችም «ፌር ፕሌይ» ይላሉ። በአውስትራልያ የምትኖረው ፖላንዳዊት የቋንቋ ሊቅ አና ቪየርዝቢትስካ በ2006 ባወጣችው መጽሐፍ፥ ይህች ቃል ከእንግሊዝኛ ውጭ ልክ የሚሆናት አቻ እንደሌላት ተከራክራለች። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮውልስም በ1958 ባወጣው ጽሑፍና በ1971 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ፍትሕን በዚህች ቃል ሊያስረዳ ሞከረ። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ የአንድን አገር ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ራሳቸው ሀብታም ይሁኑ ድኻ፥ ጤነኛ ይሁኑ ሕመምተኛ፥ የየትኛው ወገን ይሁኑ የየትኛው ሳያውቁ ቢያወጡት፥ ያ ሕግ የማንንም ፊት ያላየ ይሆናል። እነሆ፥ ከፊት ውበት የተነሣችው ቃል ብዙ ዞራ ፊት ወደ መሸፈን ደረሰች።

ደንብ መጠበቅ ብቻውን ግን ወዴት እንደሚያደርስ የኳሱ ዓለም በ2018 አሳይቶናል። በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጃፓንና ሴኔጋል በምድባቸው በነጥብ፥ ባገቡትና በገባባቸው ጎል ሁሉ እኩል ሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም ሁለት ለሁለት ወጥተው ነበር። የሚለያቸው የፌር ፕሌይ መዝገብ ሆነ። ጃፓን 4፥ ሴኔጋል 6 ቢጫ ካርድ ነበረባቸውና ጃፓን አለፈች፤ በዓለም ዋንጫ ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ጃፓኖች በመጨረሻው ጨዋታ በፖላንድ አንድ ለዜሮ እየተመሩ ሳለ፥ ሴኔጋልም በሌላው ሜዳ እየተሸነፈች መሆኑን ሲሰሙ፥ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ኳሷን ከወዲያ ወዲህ እያንከባለሉ አሳለፏቸው። ሌላ ካርድ እንዳይመጣባቸው፥ ሌላም ጎል እንዳይገባባቸው ነው። ተመልካቹ በፉጨት ነቀፋቸው። አንድም ደንብ አልጣሱም። ጨዋታ ሳይጫወቱ በጨዋታ ደግነት መዝገብ አለፉ። ይህን ፍርድ ፌር ነው የሚል ሰው በደንቡ ይረታል፤ አይደለም የሚልም ሰው የሚናገረው አለው። ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ከጥንት ያማረ የሚለው ትርጕሙ አልሞተምና ሕጋዊ የሆነው ነገር ሳያምር ሲቀር ቅር ይለናል።

ነጋዴዎችም ይህን የቃሉን መለጠጥ ያውቁበታል። በ1881 በእንግሊዝ አገር «ፌር ትሬድ» የሚል ማኅበር ሲቋቋም የሚሻው ነገር በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዲጣል ነበር። በአሜሪካ ከ1931 ጀምሮ በዚያው ስም የወጡት ሕጎች ደግሞ ፋብሪካው ከወሰነው ዋጋ በታች ባለ ሱቁ እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ነበሩና በ1975 በወጣ ሕግ ተሻሩ። በ1988 በሆላንድ አገር ማክስ ሐቬላር የሚባል ምልክት በቡና ላይ ሲለጠፍ ስሙ ሦስተኛ ትርጕም አገኘ፤ ለቡና አምራቹ ከተወሰነ ልክ የማያንስ ዋጋ መክፈል ማለት ሆነ። የምልክቱ ስም የተወሰደው በ1860 ከታተመ፥ የጃቫን ገበሬዎች ግፍ ከሚናገር ልብ ወለድ ነው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከእኛም አገር የቡና ገበሬዎች ማኅበራት በዚህ ምልክት ቡናቸውን የሚሸጡ አሉና። ከሦስቱ የምወደው ይህኛውን ነው። ቢሆንም ቀረጥ ጣዩም፥ ዋጋ ቈራጩም፥ ለገበሬ ተቈርቋሪውም በአንድ ቃል ሲጠሩ ያየ ወጣት፥ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ስም ከማመስገኑ በፊት ለገበሬው ስንት ብር እንደ ደረሰ መጠየቅ አለበት።

በትምህርት ቤት ካርድ ላይ ደግሞ ፌር ስትጻፍ ሌላ ዐይነት ናት፤ ጎበዝም አይደለህ ሰነፍም አይደለህ፥ ለክፉ አይሰጥም እንደ ማለት ነው። ያማረ የነበረው ቃል ደኅና ወደሚል ወርዷል። የእኛም «ደኅና» ከድኅነት፥ ከመዳን ተነሥቶ እንደዚሁ ወርዷልና በእንግሊዝ አንስቅም።

እንግዲህ የአማርኛ ጸሐፊ ምን ያድርግ? ዛሬ በጋዜጣና በራዲዮ የማየው ልማድ ፌር ባለችበት ሁሉ «ፍትሐዊ» የሚለውን መለጠፍ ነው፤ ፍትሐዊ ዋጋ፥ ፍትሐዊ ጨዋታ፥ ፍትሐዊ ውድድር፥ ፍትሐዊ ክፍፍል። ይህ ስንፍና ነው እላለሁ። ለዋጋ «ተገቢ» የሚል ቃል አለን፤ ለውድድር «ያላዳላ»፥ ለክፍፍል «የተስተካከለ»፥ ለንግግር «ቅን»፥ ለመልክ «ያማረ»፥ ለቆዳ «ቀይ»። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይናገራል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይጋጠምም ቀይ የተባለች ልጅ ቅን፥ ጥቁር የተባለውም ያዳላ መስሎ አይታይም። ልጁም ለእናቱ ስለ ቍራሹ «ፌር አይደለም» ከሚል «አዳላሽ» ቢላት የሚፈልገውን በትክክል ነግሯታል፤ እርሷም መልስ የሚያሻው ክስ መሆኑን ታውቃለች። በኳስ ሜዳ ግን ፋውል ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታልና፥ ባላጋራዋ ፌር ፕሌይ አብራት ብትቀመጥ እኔ አልቃወምም።